ካራማራን ስናስታውስ የማናነሳው ጥያቄ

በየዓመቱ የካቲት 26 ሲደርስ የካራማራን ድል እናስታውሳለን። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተብሏል፤ ይገባዋልም። ብዙም የማንነጋገርበት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ሶማሊያን ለዓመታት ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት እንዴት በጦርነቱ መሀል ወደ እኛ ዞረች?

የተለመደው መልስ «ደርግ ሶሻሊስት ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ ግማሽ መንገድ እንኳ አያስኬድም። ዚያድ ባሬም ሶሻሊስት ነኝ ባይ ነበሩ። ሐምሌ 1966 ከሞስኮ ጋር የወዳጅነት ውል ፈርመዋል፤ በርበራንም ለሶቪየት ባሕር ኃይል ከፍተዋል። መጋቢት 1969 ፊደል ካስትሮ ሁለቱን መሪዎች ኤደን ላይ አገናኝተው በሶሻሊስት ኮንፌዴሬሽን ሊያስታርቋቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ሁለቱም ወገን ማርክስን እየጠቀሰ ተዋጋ።

ታዲያ ምን ያስረዳናል? አሜሪካዊው ምሁር ኬኔዝ ዎልትዝ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ስትራክቸራል ሪያሊዝም የሚባለውን ንድፈ ሐሳብ በመጽሐፍ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ከአገሮች በላይ ሆኖ የሚዳኝ መንግሥት የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አገር ለህልውናው ራሱ ያስባል። አገሮችን የሚገፋቸው ከመሪዎቻቸው ጠባይና ከመፈክራቸው ይልቅ በመካከላቸው ያለው የኃይል አሰላለፍ ነው።

በዚህ ዓይን 1969ን እንየው። አሜሪካ ከ1945ቱ ስምምነት ጀምሮ አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያ ነበራት። ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ዋጋ ወረደ። የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ ርዳታ ሲቀንስ፣ ደርግ ሚያዝያ ላይ ቃኘውን ዘጋ። ሞስኮ መጀመሪያ ሁለቱንም አገሮች ለመያዝ ፈለገች። ጦርነቱ ምረጪ ሲላት ሕዝቧ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ኢትዮጵያን መረጠች። ዚያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 የሶቪየት አማካሪዎችን አባረሩ። ከዚያ በአየርና በባሕር መሣሪያ ጎረፈልን፤ ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ።

ሌላውም ሰልፍ መፈክርን የተከተለ አልነበረም። ንጉሣዊቷ ሳዑዲ ዓረቢያ ሶሻሊስቷን ሞቃዲሾን ደገፈች። ደርግ በጎን ከእስራኤል መሣሪያ ያገኝ እንደነበር በ1970 ሞሼ ዳያን ራሳቸው ይፋ አወጡት። ነሐሴ 1972 ደግሞ አሜሪካ በርበራን ለመጠቀም ከዚያድ ባሬ ጋር ተስማማች። ተጫዋቾቹ ወንበር ተለዋወጡ፤ ጨዋታው ግን አልተለወጠም።

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዚያድ ባሬ ጥር 1983፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚያው ዓመት ግንቦት ከሥልጣን ወረዱ። ሁለቱንም የጣላቸው የውስጥ ጦርነት ነው፤ የውጭ ደጋፊዎቻቸው ግን ያኔ የሚያድኑበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ንድፈ ሐሳቡ ግን ሁሉን አይመልስም። ዎልትዝ ራሳቸው የአንድን አገር እያንዳንዱን ውሳኔ እንደማያብራራ ተናግረዋል። ዚያድ ባሬ ለምን ያኔ ወረሩ ብለን ከጠየቅን ወደ አዲስ አበባ ማየት ግድ ነው፦ ደርግ እርስ በርሱ ይባላ ነበር፣ ቀይ ሽብር ጀምሯል፣ ጦሩ ኤርትራ ላይ ተጠምዷል። መዋቅሩ ይገፋል፤ በሩን የሚከፍተው ግን የቤት ውስጥ ድክመት ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። በወራት ውስጥ ግብፅና ሶማሊያ ወታደራዊ ስምምነት አደረጉ፤ ታኅሣሥ 2017 ደግሞ ቱርክ አዲስ አበባንና ሞቃዲሾን አንካራ ላይ አስማማች። አንዱ አገር ሲንቀሳቀስ ሌላው ሚዛን ይፈልጋል። ጅቡቲ ላይ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያን ጎን ለጎን የሰፈሩትም ለጅቡቲ ፍቅር ብለው አይደለም።

ስለዚህ «ወዳጃችን ማን ነው?» እያልን በሶሻል ሚዲያ አንዱን ባንዲራ ስናውለበልብ ሌላውን ስናቃጥል አንዋል። የሚሻለው ጥያቄ፦ ከእኛ ምን ይፈልጋሉ? እስከ መቼስ ይፈልጉታል? የዚያ ቀን ሲያበቃ በእጃችን የሚቀረው በቤታችን ያለን ሰላምና አቅም ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሞስኮም ዋሽንግተንም አያበድሩንም።