የአምበሉ ስም

የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲነሣ ዘወትር የሚነገረን የመጨረሻው ቀን ነው። ጃንሆይ ዋንጫውን ሰጡ፣ ሕዝቡ ጨፈረ፣ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበረው የዝግጅት ጊዜ ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ስለ አገራችን ከዋንጫው የበለጠ ይናገራል። (ዘመኑ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።)

እስቲ ቡድኑ ከየት እንደተነሣ እንይ። በየካቲት 1949 ካርቱም ላይ ለመጀመሪያው ውድድር ይጠበቁ የነበሩት አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። የሷ ተጋጣሚ እኛ ነበርንና አንድ ኳስ ሳንመታ ለፍጻሜ አለፍን። ፍጻሜው ላይ ግብፆች 4 ለ 0 ረቱን፤ አራቱንም ያገባው ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በግንቦት 1951 ካይሮ ላይ ደግሞ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ደምሩት እንግዲህ፦ ሁለት ውድድር፣ ሦስት ግጥሚያ፣ ዘጠኝ ጎል ገብቶብን እኛ አንድም አላገባንም። ሦስተኛውን ውድድር አዲስ አበባ ላይ ለማስተናገድ የተሰናዳነው ይህን ውጤት ተሸክመን ነው። ሜዳው በጃንሆይ ስም የሚጠራው ስታዲየም ነው፤ እዚያ ላይ፣ እሳቸው እያዩ፣ እንደ ካይሮው መሆን ቀልድ አልነበረም።

ቡድኑን የያዙት አቶ ይድነቃቸው ተሰማና ዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች ነበሩ። አቶ ይድነቃቸውን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ነው። ከዚያ በፊት ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበሩ። (ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ፦ የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው።) ወጣትነታቸው የወደቀው በጠላት ወረራ ዘመን ነው፤ ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ በተባለበት ከተማ ኳስ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ካርቱም ላይ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱም እሳቸው ነበሩ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንፈልገዋለን።

ቡድኑ እንግዲህ ከየአቅጣጫው ተለቃቀመ። መንግሥቱ ወርቁ ከጊዮርጊስ መጣ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን። ከቀሩትም ብዙዎቹ ከኤርትራ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ያኔ ኤርትራ በፌዴሬሽን የተሳሰረች ናት። ሉቺያኖና ወንድሙ ኢታሎ አስመራ የተወለዱ ክልሶች ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት።

ችግሩም እዚህ ላይ መጣ። በአቶ ይድነቃቸው የሕይወት ታሪክ እንደሚተረከው፣ ከኃላፊዎቹ አንዳንዶቹ የሁለቱ ወንድማማቾች ስም ወደ ኢትዮጵያዊ ስም ይለወጥ፣ ሉቺያኖም ከአምበልነት ይነሣ አሉ። ምን አስበው እንደሆነ መገመት አይከብድም። ዋንጫ ከተገኘ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነው፤ ጠላት ከወጣ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ታዲያ ሉቺያኖ የሚባል ሰው እንዴት በኢትዮጵያ ስም እጁን ይዘረጋል?

ሰዎቹን ዝም ብሎ መኮነን ቀላል ነው። የወንድሙንና የአባቱን ደም ያየ ሰው የጣሊያን ስም ሲሰማ ቢያመው አልፈርድበትም። ነገር ግን በግንቦት 1932 ፋሺስቶች ያወጡት ሕግ ምን ይል ነበር? ጣሊያን አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። እንግዲህ እነ ሉቺያኖን የመሰሉ ልጆች በአንዱ መንግሥት ዘመን የአባታችሁ ስም አይገባችሁም ተባሉ፤ በሌላው ዘመን ደግሞ የአባታችሁን ስም ጣሉ። ጠላትን እንቃወማለን ብለን የሱኑ ሚዛን አንሥተን ሰው ስንመዝን ማለት አይደለም?

አቶ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። ስሙም አልተለወጠ፣ አምበሉም አልተነሣ። ካርቱም ላይ ደቡብ አፍሪካን በቀለም አትለዩ ብሎ አዲስ አበባ ላይ በደም መለየት የማይሆን ነገር ነው፤ እኔ እምቢታቸውን የምረዳው እንዲህ ነው።

ጨዋታውን ሁሉም ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። ጥር 6 ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ግብፅና ኡጋንዳ የተገናኙት ጥር 10፣ በከተራ ዕለት ነው፤ ስለዚህ የኛ ልጆች ጥምቀትን ጨምሮ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያርፉ ግብፆች ሦስት ቀን እንኳ በወጉ አላገኙም። (ይህን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው!) ጥር 13፣ እሑድ፣ ግብፅ ሁለቴ መራች። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ኋላም ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ያው አምበሉ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ፤ 4 ለ 2። ስማቸው ይለወጥ ከተባሉት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው አንድ ጎል አላቸው ማለት ነው። ጃንሆይም ዋንጫውን ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡት።

ከአሥር ወር በኋላ፣ ኅዳር 1955፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከ1985 ወዲህ ያ የአሥራ አንድ ሰው ዝርዝር የሁለት አገር ሰዎች ዝርዝር ሆኗል። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ በመስከረም 2015 ሲሞት ይኖር የነበረው ጣሊያን አገር ነው።