ሰንጢ አለህ አሉ

«አንተ ልጅ፣ ሰንጢ አለህ አሉ!»

ድምፁ የመጣው ከአጥር ወዲያ ነው። ቀኑ የፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1980 ዓ.ም.። ሰፈሩ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ። እኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የተጣሩት ጎረቤታችን የሃምሳ አለቃው ባለቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። በአንድ እጃቸው ቀይ አውራ ዶሮ በእግሮቹ አንጠልጥለው፣ በሌላው ነጠላቸውን ሰብስበው በራቸው ላይ ቆመዋል። ዶሮው ተዘቅዝቆም ኩሩ ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።

ስሙኝማ። ያ ዶሮ እኔ እጅ ላይ እንዴት እንደወደቀ የሚገባችሁ ስለ ሰንጢው ከነገርኳችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዶሮው ለጊዜው እንደተንጠለጠለ ይቆየን።

ሰንጢውን የገዛሁት በ1978 ክረምት ምናለሽ ተራ ነው። መርካቶን የምታውቁ ምናለሽ ተራን ታውቃላችሁ፤ ከተማው አውጥቶ የጣለው ሁሉ ተጠግኖ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተወልውሎ ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ቦታ ነው። ሦስት ልጆች ሆነን ስንት ቀን ጠርሙስ ለቅመን ለቆራሌው ሸጠናል። ገንዘቡ ሲቆጠር ሁለት ብር ሆነ። ሰንጢው የሦስታችንም ሊሆን ነበር፤ በኋላ ግን አንደኛው ድርሻውን በብይ ሸጠልኝ፣ ሁለተኛው ተበልቶ አስረከበኝ። እኔ ብይ ላይ እጄ አይታማም ነበር።

ሲታጠፍ ከመሐል ጣቴ አይበልጥም። እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው፣ አንዱ ጠርዝ ተፈንክቷል። ብረቱ ላይ የባዕድ አገር ፊደል ነበረበት፤ ከመሳል ብዛት ተፍቆ ሁለት ጭረት ብቻ ቀርቷል። ሞላው ደክሞ ስለነበር ካልተጠነቀቁለት ጣት ላይ ይታጠፋል። እነሆ፣ ሌባ ጣቴ ላይ ጠባሳው አለ። የዚያን ጊዜ ሰንጢ ያለው ልጅ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ምልክት አለው፤ መታወቂያችን ነው።

እናቴ ብታውቅ ጉድ ይፈላ ነበር። «ሰንጢ የዱርዬ ነው» ይባላል። እውነትም ነበረበት፤ በዚያ ዘመን የሚፈራ ጎረምሳ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሰንጢ አለ ይባል ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ማታ ማታ አብዮት ጠባቂ ኪስ ይዳብሳል። ስለዚህ ሰንጢዬ ካልሲ ውስጥ ነው የሚኖር። ካልሲ በሌለኝ ቀን ደግሞ ከአጥራችን ድንጋዮች መካከል አንዱ ሥር።

ግን እኛ ልጆቹ ምን ሠራንበት? ለቡሄ ሆያ ሆዬ የምንጨፍርበትን ዱላ ቆረጥንበት። ልጡን በጠመዝማዛ እንልጥና በጭስ እናጠቁረዋለን፤ የቀረውን ልጥ ስንልጠው ዱላው እባብ መስሎ ዝንጉርጉር ይወጣል። ጅራፍ የሚገመድበትንም ልጥ የምንገፍፈው በሱ ነው። ለገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ እንጦጦ እንወጣለን፤ ባህር ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለዚህ ጉዳይ የማይረባ ዛፍ ነው፤ ወይራ ቁጥቋጦ ስናገኝ ግን ግማሽ ቀን ቁጭ ብለን እንፈቀፍቀዋለን። ሸንኮራ ሲመጣ ደግሞ ሕግ አለ። የቆረጠ መጨረሻ ያነሣል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከሱ የተሻለ የክፍፍል ሕግ አላየሁም። ባለ ሰንጢው እኔ ስለሆንኩ ሁልጊዜ መጨረሻ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አቆራረጤ ከሚዛን የተሻለ እኩል ሆነ።

በዚህ መሐል ራምቦ መጣ።

የቪዲዮ ዴክ ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ምንጣፍ ላይ ተጨናንቀን እናያለን። ሁለተኛው ፊልም ላይ ራምቦ ከሶቪየቶችም ጋር ይዋጋል፤ ሶቪየት ደግሞ ያኔ የመንግሥታችን ወዳጅና መሣሪያ አቅራቢ ነበረች። መጋረጃው ለምን እንደሚጋረድ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ቢላዋው ብቻ ነበር። ጀርባው መጋዝ ነው። እጀታው በገመድ የተጠመጠመ ነው። ክዳኑ ተጠምዝዞ ሲከፈት ከውስጥ መርፌና ክር ይወጣል። በመጀመሪያው ፊልም ሰውዬው ጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን የቆሰለ ክንድ ይሰፋል። ከዚያ ማታ ጀምሮ የኔ ሰንጢ የአሮጊት ጥፍር መቁረጫ ሆና ታየችኝ።

ያንን ቢላዋ የሠራው ሰው በኋላ አንብቤ እንዳወቅኩት ጂሚ ላይል ይባላል። በአሜሪካ አርካንሶ፣ ራስልቪል በምትባል ከተማ ቢላዋ በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ሲልቬስተር ስታሎን እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው ፊልም ሥራልኝ ብሎ አዘዘው። ስለቱ ብቻ ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእጀታው በላይ ያሉት ሁለቱ የብረት ጫፎች ብሎን መፍቻ እንዲሆኑ ተሞርደዋል። ክዳኑ ውስጥ ኮምፓስ ተቀምጧል። የላይል ሥራ ጠንካራ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ አምሳያው በታይዋንና በሌሎችም አገሮች በርካሽ ይፈበረክ ጀመር፤ የኛ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። በ77 ድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል ከወደቡ ሲያመላልስ ከርሟል። ያኔ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ እጅ ላይ ያየውን ቀይ የስዊስ ሰንጢ ሳያወራ አይውልም፤ መቀስ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ወስፌ። «ሰውዬው ኪሱ ውስጥ ጋራዥ ይዞ ነው የሚዞረው» ይል ነበር። ካርል ኤልስነር የሚባል ስዊሳዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ያስመዘገበው የመኮንኖች ሰንጢ ዘር መሆኑን አጎቴ ከየት ይወቅ። እኔ ግን ቀዩን አልፈለግኩም። «ጋሼ፣ የራምቦን» አልኩት።

በ1980 መስከረም አመጣልኝ። ጥቁር አፎት፣ ጥቁር እጀታ፣ ጀርባው መጋዝ። ክዳኑን ስጠመዝዘው ክብሪት፣ መንጠቆ፣ ሲባጎ፣ መርፌ ተዘረገፈ። ሽሮ ሜዳ ላይ ዓሣ በምን ወንዝ እንደምናጠምድ የጠየቀ ልጅ የለም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰልፎ ነካው። ሰንጢዬን ከድንጋዩ ሥር ትቼ ረሳኋት።

ኮምፓሱን ፈተንነው። እንጦጦ በስተሰሜን መሆኑን ሽሮ ሜዳ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መርፌው ግን መርካቶን ያሳያል፣ ወደ ዘመዶቹ። ብናዞረው ያው መርካቶ፣ ብንነቀንቀው መርካቶ። በሦስተኛው ቀን እንጨት ልንቆርጥበት እንጦጦ ወጣን። መጋዙ አይገዘግዝም፤ ጥርሱ እንጨቱ ውስጥ ይሰነቀራል። ስለዚህ እንደ መጥረቢያ አነሣሁና በባህር ዛፉ ላይ አሳረፍኩት። ቀጭ አለ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ፣ ስለቱ ሣር ውስጥ ገባ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ደህና ቢላዋ ብረቱ እስከ እጀታው ውስጥ ይዘልቃል። እጀታውን ቦርቡረህ የክብሪት ማስቀመጫ ካደረግከው ብረቱ የሚይዘው ነገር አይኖረውም፤ ርካሹ አምሳያ ደግሞ አንገቱ ላይ በአንዲት ብሎን ብቻ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ላይ ራምቦ የያዘው ሌላ ባለሙያ፣ ጊል ሂበን፣ የሠራው ቢላዋ ነው፤ እሱ ባዶ እጀታ የለውም። ሰውዬው ራሱ ትቶታል ማለት ነው። ለኔ ግን ማን ቀድሞ ይንገረኝ!

በዚያ ዓመት ለጥምቀት ሃምሳ አለቃው በፈቃድ መጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቁም ድምፅ የማያወጡ ሰው ናቸው። የተሰበረውን ይዤ ሄድኩ፤ ይጠግኑልኛል ብዬ። እጀታውን በዓይናቸው አስጠግተው አዩት፣ ኮምፓሱን መታ መታ አደረጉትና «ሰሜኑን እንደሆነ እኔ ያለ መርፌ አውቀዋለሁ» አሉ። በዚያ ዘመን ሰሜን ማለት አቅጣጫ ብቻ አልነበረም፤ ግንባር ነው።

ከዚያ ሳንጃቸውን መዘው አሳዩኝ። እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። የክላሹ ሳንጃ ጀርባው መጋዝ ነው! ብረቱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ አፎቱ ጫፍ ላይ ካለው ጉጥ ጋር ሲያጋጥሙት ሁለቱ አንድ ላይ መቀስ ይሆኑና ሽቦ ይቆርጣሉ። እኛ በሃምሳ ሳንቲም መጋረጃ ውስጥ የምንፈልገው ነገር የጎረቤታችን ወገብ ላይ ታጥቆ ይዞር ነበር። «ጋሼ፣ ምን ሠሩበት?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ቆርቆሮ ከፈትኩበት» አሉና ወደ አፎቱ መለሱት። ሌላ አልጠየቅኩም፤ አልጨመሩምም።

እሺ፣ አሁን ወደ ዶሮው እንመለስ።

በመጋቢት በሰሜን ግንባር፣ አፋቤት ላይ፣ በጦሩ ትልቅ ሽንፈት መድረሱን ሰፈሩ በሹክሹክታ ሰምቷል። ከሃምሳ አለቃው ወሬ የለም። እትዬ ግን «ባለቤቴ በሌሉበት በዓል አላከብርም» አላሉም፤ ዶሮ ገዙ። ዶሮ ደግሞ በኛ አገር ሴት አትባርክም። በየግቢው ከነበረው ወንድ አብዛኛው ወይ ዘምቷል፣ ወይ ታፍሷል፣ ወይ መታፈስ ፈርቶ ዘመድ ቤት ተደብቋል። የቀረነው በአብዛኛው ልጆችና ሽማግሌዎች ነን። ለዚህ ነው ያ ጥሪ ወደኔ የመጣው።

«ባርክልኝ የኔ ጌታ።»

ሰንጢዋን ከድንጋዩ ሥር አወጣኋት። ዝጋለች። የደረጃው ድንጋይ ላይ በምራቄ ስያት መጣሁ። ዶሮውን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ ሁለት ክንፎቹን በእግሬ ረገጥኩ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ተጫንኩ። ተጫንኩ እንጂ አልቆረጥኩም። ዶሮው አንገቱ ግማሽ ሆኖ ከእግሬ ሥር ተስፈነጠረ፤ የእትዬን ነጠላ ደም በደም አድርጎ፣ አጥሩን ዘሎ፣ ከጎን ያለው ሸማኔ ቤት ገባ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ሸማኔው ደግሞ ለበዓል የሚያደርሰውን ነጭ ኩታ እየጨረሰ እግሩ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዶሮው ሄዶ የወደቀው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ኩታው የዳነው በስንዝር ነው።

ሸማኔው ዶሮውን በክንፉ ይዞ ወጣ። ይደበድበኛል ብዬ ነበር። ሰንጢዋን ተቀብሎ አውራ ጣቱ ላይ አያት፤ ክር ሲቆርጥ የሚኖር ሰው ስለት ያውቃል። «አትጫን» አለኝ፤ «ስለት ይሳባል እንጂ አይጫንም።» ዶሮውን እሱ ያዘልኝ፣ እኔ ሳብኩ። በአንድ ጊዜ አለቀ።

እትዬ ሰንጢዋን በአመድና በውሃ አጥበው አደረቋት። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ግን መሬት ላይ አስቀመጧት። «ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል» አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ በራችን ላይ ቆማ ታያለች። ስለ ሰንጢው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ካልሲም ድንጋይም ከዚያ ቀን ወዲህ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ለመፈሰኪያ ጠሩን። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ፈረሰኛው የአባወራ ነው። እትዬ ጭልፋቸውን ድስቱ ውስጥ አዟዟሩ፣ ፈረሰኛውን አወጡና እኔ ፊት እንጀራው ላይ አኖሩት። እናቴን አየኋት። «ብላ» አለችኝ። በላሁት፤ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

ሃምሳ አለቃው የተመለሱት በ1983 ሰኔ፣ ደርግ በወደቀ በሳምንታት ውስጥ ነው። ጦሩ ተበትኖ ከየግንባሩ በእግሩ ወደየቤቱ የገባበት ጊዜ ነበር። ጠመንጃ የለ፣ ሳንጃ የለ፣ ቀበቶም የለ። በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። እትዬ ጫማቸውን ሊያወልቁላቸው ቢታገሉ እምቢ አለ፤ እግሩ ጫማው ውስጥ አብጧል፣ ክሩ ረጥቦ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል፣ እንደ ድሮው «አንተ ልጅ» አላሉኝም። ሰንጢዋን አወጣሁ። ክሩን ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ፣ ሳልጫን እየሳብኩ ቆረጥኩት፤ ቀጥሎ የጫማውን ቆዳ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ።

ሰንጢዋ ዛሬም አለችኝ። ከመሳል ብዛት ስለቷ በግማሽ ቀጥኗል፣ ሞላዋ ጨርሶ ሞቷል። ብርቱካን ትልጣለች።