ተረቱን የሚመልስ ሰው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ የምነግራችሁ ነገር አያስቸኩልም፣ የነሐሴ ዝናብም ገና ብዙ ይወርዳል።

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጠዋት ነበር፤ በዓለም ገና ወጣሁና መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻገርኩ፣ አዋሽም ጭቃ ጠጥቶ ቀልቶ ነበር፣ ከዚያም ጢያን በካፊያ፣ ቡኢን በጉም አለፍኩና፣ ከሰዓት በኋላ የዘቢዳር ተራራ ደመናውን እስከ ትከሻው ተከናንቦ ሳየው ቡታጅራ መድረሴን አወቅሁ። ባጃጁ እህቴ ደጅ ላይ አወረደኝ። እሷም ጃንጥላ ይዛ ወጣችና ጃንጥላውን በእኔ ራስ ላይ አድርጋ፣ እኔ ከነሻንጣዬ ደርቄ፣ እሷ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ርሳ፣ ተያይዘን ገባን።

ቤት ውስጥ ቡና ይቆላል። ጥግ ላይ የእህቴ ልጅና የጎረቤት ልጅ፣ ሁለቱም የ14 ዓመት ልጆች፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል፤ የስልኩ ብርሃን ፊታቸውን ሰማያዊ አድርጎታል። የእህቴ ልጅ ድሮ ድምፄን ስትሰማ ሮጣ ጉልበቴ ላይ የምትጠመጠም ነበረች። አሁን ግን ቀና ሳትል «አጎቴ፣ አንዴ ብቻ ታገሠኝ፣ ልትሞት ነው» አለችኝ። ደንግጬ «ማን ናት የምትሞተው?» አልኩ። «እሷ ናታ» አለችና ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ ጓደኛዋም «ሞትኩ!» ብላ ሳቀች፣ ከዚያም ሁለቱ እንደገና ጀመሩ።

እህቴ ሲኒውን እያለቀለቀች «እንዲህ ናቸው ጋሼ፣ በሩን ዘግተው እስኪነጋ። ፍቅራቸውስ ደስ ይለኛል፤ በሩ መዘጋቱ ነው የሚያስጨንቀኝ» አለችኝ። ይህን ቃሏን ያዙልኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ትንሽ ቆይቶም የስልኩ ባትሪ አለቀ፣ ሻማ ተለኮሰ፣ ሁለተኛው ቡና ፈላ፣ ልጆቹም ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወደ ፍሙ ቀረቡና «በል አጎቴ፣ አንድ ነገር አጫውተን» አሉኝ። እኔም ስለ አንድ ቴአትር ነገርኳቸው።

ጄኒፈር ሄሊ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፌ ተውኔት አለች። «ኔይበርሁድ 3» ያለችው፣ እኛ «ሰፈር 3» ብንለው የሚሆን ተውኔቷ እ.ኤ.አ. በ2008 በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ፣ አዲስ ተውኔቶች ይቀርቡበት በነበረው የሂውማና ፌስቲቫል ላይ ታየ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት ሰፈር ነው፤ ወጣቶቹን የያዛቸው ጨዋታ ደግሞ የዚያኑ ሰፈር ካርታ ከሳተላይት ወስዶ የገዛ መንገዳቸውን፣ የገዛ ደጃቸውን ስክሪኑ ላይ ያመጣዋል፣ ከየቤቱም በድን የሚመስሉ ጭራቆች ይወጣሉ፣ ተጫዋቹም እየገደለ እስከ መጨረሻው ቤት መድረስ አለበት። ተዋንያኑ አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ አባቶችን ሁሉ፣ አንዷ እናቶችን ሁሉ፣ አንዱ ወንዶች ልጆችን ሁሉ፣ አንዷ ሴቶች ልጆችን ሁሉ ይሆናሉ፣ ስለዚህ የትኛውም በር ቢከፈት የሚወጣው ያው ፊት ነው። ወላጆች ይናገራሉ፣ ልጆች ይናገራሉ፣ የሚሰማ ግን የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ወደ ልጇ ክፍል ትገባለች፣ ልጇም ከፊቱ የቆመችው እናቱ ትሁን ጭራቅ መለየት ከማይችልበት ደርሷል።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል። ይህን ቴአትር የምወደው ጨዋታውን ብቻ ከስሶ ስላላለፈ ነው፤ አዋቂዎቹንም ያፋጥጣቸዋል።

«እውነት ነው ግን?» አለች የጎረቤት ልጅ።

«ቴአትር ነው ልጄ» አልኳት፤ «ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ የሞተችው እናት ትነሣለች፣ ከገደላት ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ለተመልካቹ እጅ ትነሣለች።»

«እውነት የሆነስ አለ?» አለች። እህቴን አየኋት፣ እህቴም ጀበናውን አስቀምጣ ራሷን ነቀነቀች፣ እኔም ነገርኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኤሪክ ክኑድሰን የሚባል ሰው ረጅም፣ ፊት የሌለው፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ፍጡር በፎቶግራፍ ላይ ፈጠረና «ስሌንደር ማን» አለው። ሌላው ተረት ጨመረበት፣ ሌላው ሥዕል፣ በ2012ም ጨዋታ ሆነ፤ ተጫዋቹ ብቻውን በጨለማ ጫካ ውስጥ የተበተኑ 8 ገጾች ይለቅማል፣ ያ ፊት አልባም ከኋላው ይከተለዋል። ታዲያ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ዋኪሻ በምትባል ከተማ፣ ሦስት የ12 ዓመት ጓደኛሞች ነበሩ። የአንደኛዋን ልደት አብረው አከበሩ፣ አብረው አደሩ፣ በማግሥቱም፣ ሜይ 31 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ነበር፣ ወደ መናፈሻው ጫካ ገቡና ሁለቱ ተማክረው፣ አንዷ ሦስተኛዋን 19 ጊዜ በቢላ ወጋቻት። ያ ፍጡር እውነት ነው ብለው፣ እሱን ለማስደሰት። ከዚያም ሻንጣቸውን አንግተው ይኖርበታል ወዳሉት ሩቅ ደን በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ፣ ለሰዓታትም ሄዱ፣ ፖሊስ ሲያገኛቸው ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ነበሩ። በኋላ ሐኪሞች ከሁለቱ አንዷ ስኪዞፍሬንያ እንዳለባት አረጋገጡ፤ ፍርድ ቤትም ሁለቱን ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ላካቸው።

ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ መቼ እንደተያያዙ አላየሁም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ ወገኖቼ። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል እኛ «የመሠረት» እንል ነበር፣ አያ ጅቦም ከነጥርሱ ይመጣ ነበር፣ እኔም ነጠላዋ ውስጥ እሸጎጥ ነበር፣ እሷ ግን መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ጅቡን ወደ ጫካው ሳትሸኝ እንድንተኛ አትፈቅድም ነበር። ቴአትርም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለመድረክ የጻፉት የአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት አውሬዎች የሚናገሩበት ነበር። የስልኩ ጨዋታ ግን ልጆቻችንን ተረቱ ውስጥ ያስገባቸዋል እንጂ ተረቱን አይመልስላቸውም፤ ይሞታሉ፣ ይነሣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ ሌሊቱ ያልቃል። ሁሉም ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 የጨዋታ ሱስን ከበሽታዎች ዝርዝር ሲያስገባ፣ ሰው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲሳነው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሲዘልቅ ነው ያለው። የዋኪሻዎቹንም ጨዋታ ብቻውን አላሳበዳቸውም። ነገር ግን አንዲት ልጅ በጓደኞቿ መሐል እየታመመች ነበር፤ «ይሄ ተረት ነው፣ በሉ መልሱት» የሚል ትልቅ ሰው ያን ጊዜ በመሐላቸው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ይህን በቡታጅራ ማለቴ በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ አካባቢ፣ በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ፣ የአእምሮ ሕሙማንን መፈለግ ጀመሩ፤ ጠያቂዎቹም በጭቃውና በአቧራው፣ በእንሰቱ መሐል እያቋረጡ፣ ከደጅ ደጅ እየሄዱ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች አነጋገሩ። በየጓዳው ተሸሽገው የኖሩ ሕሙማን ያን ጊዜ ተገኙ፣ ቡታጅራ ሆስፒታልም ውስጥ በሥነ አእምሮ ነርሶች የሚካሄድ ክሊኒክ ተከፈተላቸው። ያን ሁሉ በር ያንኳኳ አገር ነው። እኔና እህቴ፣ እናንተም፣ በገዛ ቤታችን ውስጥ ያለውን አንድ በር ማንኳኳት ለምን ከበደን? የጉራጌ አባቶች ቤታቸውን ወደ ጀፎረው፣ ወደ ሰፊው የመንደር መንገድ፣ አዙረው ሠርተዋል፣ መንገደኛውም ልጁም ከደጅ ይታያል፤ እኛ ደግሞ ልጅ ክፍሏን ከዘጋች አድጋለች ብለን እንተዋታለን። ስልኩን መንጠቅ ይቀለናል፣ አጠገቧ ተቀምጦ «እስቲ ይህቺ ማን ናት? ለምን ትሞታለች?» ማለት ይከብደናል። እህቴ በዚያች ሌሊት ይህን ጠየቀች፤ ልጆቹም ተሻምተው፣ አንዷ የሌላዋን አፍ እየቀማች፣ ሁሉንም ነገሯት፣ ቡናውም እስከ በረካ ደረሰ።

መብራቱ ሲመጣ ለመተኛት ተነሣሁ። የጎረቤት ልጅ ግን ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጋሼ፣ ተረቱን አልመለሱም እኮ» አለችኝ። «የተወጋችው ልጅ ምን ሆነች?»

እውነቷን ነው፣ ረስቼው ነበር። ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ጓደኞቿ ጥለዋት ሲሄዱ ልጅቷ እየተሳበች ከጫካው ወጣች፣ መንገድ ዳር ደረሰች፣ በብስክሌት የሚያልፍ ሰው አያትና ቆመ፣ እርዳታም ጠራላት። ተረፈች። እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ17 ዓመቷ፣ በቴሌቪዥን ቀርባ ታሪኳን በራሷ አንደበት ተናገረች፤ በሕክምና ሙያ መሠማራት እንደምትፈልግም ተናገረች።