የግል የአሳሳል ስልት

የግል የአሳሳል ስልት አንድ ሠዓሊ በመስመር፣ በቀለም፣ በቅርጽና በርዕሰ ጉዳይ ምርጫው ደጋግሞ የሚያሳየው መለያ ነው። ሥራው ፊርማ ባይኖርበት እንኳ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስልት ከሌሎች በመራቅ ብቻ አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው የሌሎችን ሥራ ተምሮና አስመስሎ ከሠራ በኋላ፣ የሚያስቀረውንና የሚተወውን ሲመርጥ ቀስ በቀስ ይፈጠራል። የዘመናዊ ኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ተማሪ የሚማረው የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው። ሥዕሉ የታወቀ ሥርዓት ይከተላል፤ ለምሳሌ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው ስሙን የሚጽፈው አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም በዚህ ጥብቅ ሥርዓት ውስጥም የግለሰብ እጅ ይለያል። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ተመራማሪዎች ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች የእሱ ወይም የተከታዮቹ ናቸው የሚሉት ስልታቸውን ከዚህ ጋር እያነጻጸሩ ነው።

እስክንድር ቦጎሲያን

እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ለዓመታት ኖረ። በዚያም የፖል ክሌን፣ የኩባዊውን ዊፍሬዶ ላምንና የቺሊያዊውን ሮቤርቶ ማታን ሥራዎች አጠና። ይህ ጥናት ግን የእነሱ ግልባጭ አላደረገውም። በልጅነቱ የሚያውቃቸውን የብራና ሥዕሎችና ጠልሰሞች በአዲስ ዓይን እንዲመለከት ረዳው። በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 ድረስ መምህር ነበር። ከሸራ በተጨማሪ በብራናና በዛፍ ቅርፊት ላይ ሠርቷል። በ2003 አረፈ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ በአዲስ አበባ ያሳያቸው ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎች ክርክር አስነሱ። የቤተ ክርስቲያንን ሥዕልና ተፈጥሮን የሚመስል አሳሳል የለመደው ተመልካች «ይህ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ገብረ ክርስቶስ ግን ጥበብ በአገር ድንበር አይወሰንም የሚል አቋም ነበረው። «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ከአባቱ ሙያ ጋር የሚዛመደውን የስቅለት ታሪክ ይዞ በተለመደው መልክ ሳይሆን በራሱ ቅርጽ ያቀርበዋል።

ሁለቱም በአውሮፓ የተማሩና በአንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሲሆኑ የደረሱበት ስልት የተለያየ ነው። እስክንድር የአገሩን ምልክቶች ወደ ሥዕሉ አስገባ፤ ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ሥዕሉ አገሩን በምልክት እንዲያስረዳ አልተገደደም።

ከመምህር ወደ ተማሪ

የመምህሩ ስልት ጠንካራ ሲሆን ተማሪው በእሱ ጥላ ሥር የመቅረት አደጋ አለበት። የእስክንድር ተማሪ የነበረው ዘሪሁን የትምጌታ በሽመና ሥራ በሚያገለግሉ የቀርከሃ ስንጥሮች ላይ በመሣል ታወቀ። በሃዋርድ በእሱ ሥር የተማረው ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ የአማርኛን ፊደል የሥራው ዋና ርዕሰ ጉዳይ አደረገ፤ ፊደሎቹን ይሰብራል፣ ያረዝማል፣ ይደራርባል፤ ለንባብ ሳይሆን ለዓይን ያቀርባቸዋል። ሁለቱም ከመምህራቸው የወሰዱት መልኩን ሳይሆን በአካባቢያቸው ያለውን ነገር ለሥራ የመጠቀም ልምዱን ነው።

ስልትና ድግግሞሽ

ስልት ከተገኘ በኋላ ወደ ልማድ ሊለወጥ ይችላል። ሠዓሊው ገበያ የወደደለትን መልክ ብቻ ሲደጋግም መለያው ይቀራል፤ ፍለጋው ግን ይቆማል። ስለዚህ የአንድን ሠዓሊ ስልት የሚያጠና ሰው በአንድ ሥዕል ብቻ ሳይወሰን የቀድሞና የኋለኛ ሥራዎቹን ጎን ለጎን ይመለከታል፤ ምን እንደጸና፣ ምን እንደተለወጠ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።