የማይታየውን ቁስ በማግኔት መለኪያ፦ ሰሜን ጎንደር የት ላይ ነው?

ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆማችሁ የስልካችሁን ኮምፓስ ክፈቱ። ሰሜንን የምታሳያችሁ ስልኩ ውስጥ ያለች ትንሽዬ ማግኔት መለኪያ ናት። በእኛ አገር የምድር ማግኔት ጉልበት ወደ 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ ነው፤ ለስልክ ይሄ ይበቃዋል።

አቶሚክ ማግኔቶሜትር ግን የአንድ ናኖቴስላን ሺህኛ፣ ከዚያም ያነሰ ለውጥ ያነባል። በመስታወት ብልቃጥ የሩቢዲየም ወይም የሲዚየም ትነት ይደረጋል፤ ሌዘር አተሞቹን በአንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል፤ ማግኔት ሲነካቸው እንደ እንዝርት ይዞራሉ። የመዞሪያ ፍጥነታቸው ጉልበቱን ይናገራል።

ከዳርክ ማተር ጋር ምን አገናኘው? በህዋ ካለው ቁስ 85 ከመቶ ያህሉ አይታይም፤ መኖሩ የታወቀው በስበቱ ብቻ ነው። አንዱ መላምት ምድር በዚህ ቁስ ውስጥ ስታልፍ የአተሞቹ አዟዟር ይነካል ይላል። «ግኖም» የተባለው መረብ ይህን የሚፈልገው በብዙ አገር መለኪያ ተክሎ ነው። አንድ ጣቢያ ብቻ ቢነቃነቅ የሕንጻው ሊፍት ሊሆን ይችላላ! እ.ኤ.አ. በ2021 የ9 ጣቢያዎችን የአንድ ወር መረጃ አሳትመው ምንም አላገኙም። ያኔ ከነበሯቸው 14 መለኪያዎች አንድም አፍሪካ ውስጥ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የምትገባው በሌላ በር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ አለው። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው። መረጃው «ሱፐርማግ» በሚባለው ዓለም አቀፍ ክምችት ውስጥ ይገኛል። በዚያው 2021 አራት ፊዚክሰኞች የክምችቱን የአሥርተ ዓመታት መዝገብ በርብረዋል። ዳርክ ማተር የ«ጨለማ ፎቶን» ዓይነት ከሆነ፣ በምድርና በአየኖስፌር መካከል በተወሰነ ምት የሚወዛወዝ ደካማ ማግኔት መታየት አለበት። አስተማማኝ ምልክት አላገኙም፤ ግን ምልክቱ ቢኖር ከምን ያህል እንደማይበልጥ ወሰን አበጁለት።

በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መለኪያ ይዘው ከከተማ ወደራቀ ቦታ ወጡ፤ መኪናና የመብራት መስመር ልኬቱን ይረብሻሉና። በእኛ ግምት ከደባርቅ በላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ደጋ እንዲህ ያለ ጸጥታ አለው። ባዛልቱ ራሱ ማግኔትነት ስላለው ኮምፓስ ሊያሳስት ይችላል፤ ግን አይወዛወዝም፣ ስለዚህ ችግር አይሆንም። ከባድ የሚሆነው ቀን ቀን በማግኔት ወገብ አካባቢ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ነው፤ አዲስ አበባ ቅርቡ ናት፣ ጎንደር ትንሽ ራቅ ትላለች። ሌሊት ይረጋጋል።

መለኪያው ቢተከል እንኳ መረጃው በሰዓቱ መውጣት አለበት። በ2015 ክረምት ክልሉ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንት ወር እንደቆየ ታስታውሳላችሁ።