መፋቂያ፣ ድድና ቆሽት

ስለ እንጦጦ ሲወራ ቤተ መንግሥቱ፣ ማርያምና ራጉኤል፣ ከዚያም ባሕር ዛፉ ይነሳል። ከጽዱና ከወይራው ጋር አብሮ ስለተመናመነው የአፍ ንጽሕና እንጨት ግን የሚያወሳ ብዙ ሰው አይገኝም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ተራራው ከነሠራዊቱ የሰፈረበትን ሕዝብ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ይቀልብ ነበር። የአገሩ ዛፍ ያን ያህል አልቻለም፤ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፈው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለዚህ ውለታው ሊመሰገን ይገባል። ወይራው ግን በየደብሩ አጸድና በየገደሉ ጥግ ተወስኖ ቀረ። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ተዘሎብናል እላለሁ፦ ከወይራው ጋር የተመናመነው ማገዶና ጥላ ብቻ አልነበረም። ድሃው ሳይከፍል የሚጠቀምበት የጤና መሣሪያም ነበር፤ ዋጋው ደግሞ ከጥርስ እንደሚያልፍ ዛሬ ሳይንሱ እየጠቆመ ነው።

መፋቂያ ቀላል ነገር ነው። ስንዝር የማይሞላ የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ጫፉ ይላጥና ጭረቱ ተበትኖ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ይታኘካል። ከዚያ ጥርስ በጥርስ ይፋቃል፤ ጫፉ ሲያልቅ ተቆርጦ አዲስ ይወጣለታል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዛሬ የካ በሚባለው ክፍለ ከተማ ሥራ ከጀመረ በኋላም ቢሆን፣ የብዙኃኑ የጥርስ ሐኪም ይኸው እንጨት ነበር። ብሩሽና ሳሙና ሲመጡ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቤንግት ኦልሰን የተባለው ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት፣ በአግባቡ የተማሩ ልጆች በመፋቂያ ያጸዱት ጥርስ በብሩሽ ከጸዳው አላነሰም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል።

ታዲያ ድድ ከቆሽት ጋር ምን አገናኘው? ባልጸዳ ጥርስና በድድ መካከል ባለው ኪስ ውስጥ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፤ ድድን የሚያቆስለው፣ ጥርስን የሚያነቃንቀው አንዱ ዋና ጠንቅ እሱ ነው። በአሜሪካ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጤነኛ ሳሉ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ናሙና የሰጡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ይህ ባክቴሪያ የተገኘባቸው በቆሽት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ታየ። መንገዱም የማይታመን አይደለም። ምራቅ በየደቂቃው ይዋጣል፣ የቆሽት ቱቦ የሚከፈተው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አንጀት ላይ ነው፣ የቆሰለ ድድ ደግሞ ለደም ሥር ክፍት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረመሩ 113 የቆሽት ዕጢዎች ውስጥ 76 በመቶው ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች እንዲያውም ጄምሲታቢን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ሰባብረው ያከሽፋሉ። አፋቸው በዚሁ የድድ ባክቴሪያ እንዲበከል በተደረጉ አይጦች ላይም ዕጢው ፈጥኖ ሲያድግ ታይቷል።

ጠያቂ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። የታመመ ድድ ያለው ሰው ሲጋራ አጫሽ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ጥፋቱ የባክቴሪያው ነው ወይስ የሲጋራው? ወይስ ካንሰሩ ነው ቀድሞ አፉን ያበላሸው? የ2018ቱ ተመራማሪዎች የማጨስን ድርሻ በስሌታቸው አስገብተዋል፤ ናሙና ከሰጡ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ የታመሙትን አውጥተው ሲያሰሉም ግንኙነቱ አልጠፋም። እንዲህም ሆኖ ግንኙነት ማለት መንስኤ ማለት አይደለም፤ ዘርፉም ጥንቃቄ ይሻል። በዕጢ ውስጥ ስላሉ ተሕዋስያን እ.ኤ.አ. በ2020 በኔቸር መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት የስሌት ስሕተት ተገኝቶበት እ.ኤ.አ. በ2024 ከነጭራሹ ተሰርዟል። ሌላው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፦ የቆሽት ካንሰር በአንጻሩ ብዙም የማይታይ በሽታ ነው፤ ለእሱ ሲባል መፋቂያን ማወደስ ማጋነን አይሆንም? ይሆናል፤ መፋቂያ ካንሰር ይከላከላል የሚል ሰው ማስረጃ የለውም። የእኔ ሙግት ግን ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያም የጠነከረ ነው። መፋቂያ ድድን እንደሚጠብቅ ተፈትኗል፤ የድድ ጤና ለራሱ ይበቃል፤ የቆሽቱ ጉዳይ ከተረጋገጠ ደግሞ ተጨማሪ ትርፍ ነው። ሰው በጉልበት ቢፈገፍግ ድዱን እንደሚያቆስል፣ የኋላ መንጋጋን ማዳረስም እንደሚያስቸግር አይካድም፤ የኦልሰን ልጆች የተሳካላቸውም ስለተማሩ ነው።

ስለዚህ በየካና በእንጦጦ ተዳፋት አገር በቀል ዛፍ የሚተክሉ ሰዎች ወይራን ሲመርጡ ለጥላና ለአፈር ብቻ አያስቡ። ጤና ጣቢያዎችም እናቶችንና ተማሪዎችን ስለ ጥርስ ሲያስተምሩ መፋቂያን ከነአጠቃቀሙ ይጨምሩት። ሲፍቅ ድዱ የሚደማ ሰው ግን እንጨት አይቀያይር፤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።