ከእንሰቱ ማዶ

እንግዲህ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ የሻንቶን ነገር ነው፤ ወላይታ፣ ዳሞት ፑላሳ ወረዳ። ነገሩ የሆነው በአንድ መምህር ግቢ ነው። ስሙን አልጠራም። ግቢውን ግን በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከፊት ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ቀጥሎ ዋናው ቤት፣ ከጀርባው እንሰት፣ ከእንሰቱ ማዶ ሰርቪስ ቤት።

ሰርቪሱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ የመምህሩ ልጅ ታጠናለች፣ 12ኛ ክፍል ናት። በሌላው አንድ የግብርና ባለሙያ ተከራይቷል። መምህሩ ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝቶ የሳሎኑ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ሳሎን ለተቀመጠ ኢንተርኔቱ ጥጋብ ነው። ሰርቪስ ለተቀመጠ ግን ስልኩ ላይ አንድ መስመር ብቅ ትልና ትጠፋለች። ርቀቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል!

ልጅቷ የትምህርት ቪዲዮ ማውረድ ስትፈልግ በማታ፣ በብርድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ግቢው መሃል ትቆማለች። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ «አባዬ፣ እኔ ኮምፒውተር ሳልለምድ ልፈተን ነው?» ማለት አብዝታለች። እሱስ ምን ይበል?

ምክር በአገራችን መቼ ጠፍቶ ያውቃል! አንዱ «ሪፒተር ግዛ» አለው፤ ገዛ። ሰርቪሱ ግድግዳ ላይ ተሰካ። መስመሩ ሙሉ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ባዶ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ርካሹ ሪፒተር የሰማውን መልሶ የሚናገር ወሬ አቀባይ ነው። እየሰማ መናገር፣ እየተናገረ መስማት አይችልምና ግማሽ ጊዜው በመስማት ያልቃል። በዚያ ላይ የተሰቀለው ራውተሩ በደንብ በማይሰማበት ቦታ ነው። ያልሰማውን ምን ብሎ ያቀብል? ስልኩ ላይ የሚታየው ሙሉ መስመር ስልኩ ከሪፒተሩ ጋር መግባባቱን እንጂ ሪፒተሩ ከራውተሩ ጋር መግባባቱን አይናገርም። ብዙ ሰው ብሩን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ደገምኩላችሁ።

በመጨረሻ ከሶዶ አንድ ቴክኒሻን መጣ። ወጣት ነው። ራውተሩን ዞር ብሎም አላየው። በጓሮ በር ወጥቶ እንሰቱን ሲያይ ቆየና «መምህር፣ ሌባው ይኸውልዎት» አለ።

እውነቱን ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀውም በዚያው አካባቢ ባለ ሞገድ ነው። ውሃ ያን ሞገድ ይውጠዋል። እንሰት ደግሞ ግንዱም ቅጠሉም ውሃ ያዘለ ነው። አንድ እግር ቢሆን ግድ አልነበረም፤ ይህ ግን በረድፍ የቆመ፣ ከቤቱ ጣሪያ የሚስተካከል ነው። ከእንሰቱ ያመለጠውን የሰርቪሱ ቆርቆሮ ይመልሰዋል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድማ ግድግዳና ቅጠል ላይ ከዚህም የባሰ ሰነፍ ነው።

«እንግዲህ ከመሃል ጥቂቱ ቢነሳ...» ብሎ ቴክኒሻኑ ሳይጨርስ የመምህሩ እናት ከማድ ቤት ብቅ አሉ።

«የትኛው ነው የሚነሳው ልጄ?»

«እማማ፣ እነዚህ ሦስቱ ብቻ...»

«እነዚህን የተከልኩት ይቺ ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ነው። እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ኢንተርኔታችሁ በረሃብ ቀን ቆጮ ይሆናል?»

በዚህ ክርክር የሚረታ ሰው ወላይታ ውስጥ አይገኝም። እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚቀብሩት፣ ለቤተሰብ የሚያደርሱት ሴቶች ናቸው፤ ፍርዱም የእነሱ ነው። ቴክኒሻኑ ዝም አለ።

ሁለተኛው ሐሳብ በየጣሪያው አንድ አንድ አንቴና ሰቅሎ ፊት ለፊት ማስተያየት ነበር። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ኪሎ ሜትሮች ይሻገራል፤ ግን አንዱ አንቴና ሌላውን ማየት አለበት። እንሰት ደግሞ ያድጋል። ዛሬ ማዶውን የሚያይ አንቴና ከሁለት ክረምት በኋላ ቅጠል ያያል። እኔ ብጠየቅም ያንን አልመርጥም ነበር። ስለዚህ ወደ ገመድ ተመለሱ፤ በእንሰቱ ዙሪያ፣ በአጥሩ ጥግ፣ መሬት ለመሬት።

ሽቦ መዘርጋት ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ወላይታ ያን ዓመት የምታስታውሰው በስልክ አይደለም፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ የምኒልክ ጦር ገብቶ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና የተማረኩበት ነው። ያ ሁሉ አገር ያቋረጠ ሽቦ በመንገዱ የስንት እናት ጓሮ እንዳጋጠመው ግን ታሪክ ጸሐፊዎቹ ዘለውታል።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ገመዱ ዙሪያውን ሲለካ አርባ ሜትር ገደማ ሆነ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራልና በቂ ነው። ቴክኒሻኑ ከጥቅሉ ጫፍ አንዷን ቀጭን ሽቦ ልጦ በምላጭ ፋቃት። ውስጧ ነጭ ቢሆን አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቶሎ ይሰበራል። ቀይ ሆና ወጣች። «መዳብ ነው» አለ።

ገመዱን እንዲሁ ሊቀብሩት ሲሉ ግን አሁንም እናት ተናገሩ። «ፍልፈል ይበላዋል!» የእንሰት ሥር የሚጨርሰውን ፍልፈል ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ተገዝቶ ገመዱ በውስጡ አለፈ፣ ክንድ በሚያህል ጥልቀት ተቀበረ። የግድግዳውን ቀዳዳ ቴክኒሻኑ ወደ ውጭ ዘቅዝቆ በሳው፤ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ቤት እንዳይገባ።

ከዚያ ጫፍ መምታት መጣ። ስምንቱን ሽቦ በጣቱ እያቃና ደረደረ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ልጅቷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሁለተኛውን ጫፍ ራሷ ደረደረች፤ በፒንሳው ቀጭ አደረገችው። በአንድ ጊዜ ሠራ።

ሰርቪስ ውስጥ የገባው ሁለተኛ ራውተር ነው፣ ያገለገለ። ገመዱ የተሰካው ላን በሚባለው ቀዳዳ ነው። አድራሻው ከመጀመሪያው ራውተር እንዳይጋጭ ተቀየረ። ለስልኮች አድራሻ የማደል ሥራውም፣ ዲኤችሲፒ የሚባለው፣ ተዘጋበት፤ በአንድ ግቢ ሁለት አዳይ ሲኖር ስልኩ የማንን ይዞ እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ከሳሎኑ ጋር አንድ ሆነ፣ ቻናሉ ግን ተለየ፤ ያ በ1፣ ይህ በ11።

«አንድ ነገር» አለ ቴክኒሻኑ ቦርሳውን እየዘጋ። «መዳብ የመብረቅን ኃይል ያስተላልፋል። ፋይበር ቢሆን መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ግን በሁለቱም ጫፍ መለወጫ ይፈልጋል፤ ወጪው ይበዛል። ስለዚህ ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን ከሁለቱም በኩል ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም።»

ያን ሥራ የወሰዱት እናት ናቸው። ደመና ሲጠቁር ሳሎን ገብተው ይነቅላሉ፣ ከዚያ ወደ ሰርቪሱ «ንቀይ!» ይላሉ፣ ቪዲዮው የትም ይድረስ የት።

አሁን የቀረው ሒሳቡ ነው። ተከራዩ የወሩን የኢንተርኔት ሒሳብ ግማሽ እከፍላለሁ ብሏል፤ መምህሩ ሲሶው ይበቃል ይላል። እናት ደግሞ ቱቦው ያለፈው በእንሰታቸው ጥግ ነውና የመሬት ኪራይ ጠይቀዋል። ድርድሩ አላለቀም።